የዘጠኝ ቁጥሩን ስም የዋጠችው ምራት

ጋሽ በዛብህ ሰው ያምናሉ፤ ግን አጣርተው ነው። ሥጋ ቤት ሲገቡ ዓይናቸው ሥጋው ላይ ሳይሆን የባለ ሥጋ ቤቱ አውራ ጣት ላይ ነው፤ ሚዛኑን እንዳይጫን። ባጃጅ ሲሳፈሩ ሾፌሩ በየት በኩል ሊያዞራቸው እንዳሰበ ገና ሳይነሳ ከፊቱ ያነቡታል። ሬዲዮው «በአርሲ ደጋማ ቦታዎች ዝናብ አይጠበቅም» ካለ ጃንጥላቸውን አንስተው ይወጣሉ። እውነቱን ለመናገር ጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ በዋለ ቀን ይህ ጠባያቸው ስንቴ ከመበስበስ አድኗቸዋል!

ጠባዩ ግን አብሯቸው አልተወለደም። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ፣ አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ነው የያዛቸው፤ ልክ እንደ ጉንፋን።

ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጸጉሩን ወደ ጎን የሚከፍል ጎረምሳ። የእሳቸው ኮሌጅና ሌላው ኮሌጅ የተገናኙ ዕለት መምህራኑ ከረባት አስረው፣ ወይዛዝርቱ ተኳኩለው፣ የሜዳው ዙሪያ ጢም ብሎ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ትንፋሽ ሲቀረው ጎረምሳው በዛብህ ኳሷን ከጥግ ወረወራት። ገባች! መረቡን ስትነካ ያሰማችውን ድምፅ እስከ ዛሬ በአፋቸው ያስመስሉታል፦ «ፍሽሽ!» ነጥብ ያዡ ግን በዚያችው ቅጽበት አንገቱን ደፍቶ ሲጋራ ይለኩስ ነበር። ፊሽካው ተነፋ። በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ነጥብ ያዡ «አልገባችም» አለ፤ ዳኛው «እኔ እንጃ» አለ። ይባስ ብሎ የገዛ ጓደኞቻቸው በሳምንቱ «በዛብህ፣ እርግጠኛ ነህ ግን?» አሏቸው። ከሽንፈቱ ይልቅ ያንገበገበቻቸው ይቺ ጥያቄ ናት። ከዚያ ወዲህ ጋሽ በዛብህ አንገቱን የደፋ ሰው ሲያዩ «ይሄ አንድ ነገር እየሰረቀ ነው» ይላሉ።

ትምህርታቸውን ጨርሰው የስፖርት መምህር ሆነው አሰላ ተመደቡ። ለሁለት ዓመት ብለው የመጡ ሰው ይኸው ዕድሜያቸውን ጨረሱባት። የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመው፣ የበርሜል ቀለበት አስቀጥቅጠው፣ ስንቱን የከተማ ልጅ ኳስ አስወረወሩት። አግብተው ወለዱ፤ ባለቤታቸውን ቀበሩ። አሁን ያላቸው አንድ ልጅ ብሩህ ነው፤ ሮቤ ጤና ጣቢያ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ብሩህ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ሐዊን አገኘ፤ የዲክሲስ ገበሬ ልጅ፣ ድምፀ መረዋ፣ ዓይነ አፋር። አገቡና እሷ አሰላ ሥራ ስለነበራት ከጋሽ በዛብህ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ጀመረች።

የጥርጣሬያቸው ትልቁ ክምችት ያረፈው እዚህች ልጅ ላይ ነው።

መጥፎ ሆና አይደለም። ሾርባቸውን ታቀርባለች፤ ሲያስላቸው ሳይጠሯት ትመጣለች። ግን አንድም ቀን፣ አንድም ጊዜ፣ ስማቸውን ጠርታ አታውቅም! በር የሚያንኳኳ ሰው «የአቶ በዛብህ ቤት ነው?» ሲል «የአባባ ቤት ነው» ትላለች። ቀበሌ ሄደው «የቤቱ አባወራ ስም?» ተብላ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ (አንገቷን ደፍታ!) መታወቂያቸውን ወደ ጸሐፊዋ ገፋ አደረገች። ጋሽ በዛብህ ያን ዕለት ሌሊቱን አልተኙም። «ታፍርብኛለች» አሉ መጀመሪያ። በኋላ ደግሞ «አይደለም፤ ቤቱን በስሟ ልታዞር አስባ ነው» አሉ። ጠየቋት? አልጠየቋትም። ጋሽ በዛብህ ይከታተላሉ እንጂ አይጠይቁም።

አሁን ወደ ቅዳሜው ጨዋታ እንምጣ፤ ያን ቅዳሜ ብሩህ ተረኛ ሆኖ አልመጣም።

ሐዊ አሰላ ባለው ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ክፍል ውስጥ በጊዜያዊነት ትሠራለች፤ ማይክ ይዛ ግብ ያስቆጠረውንና ፋውል የሠራውን በስሙ ትጠራለች። የሙከራ ጊዜዋ የሚያበቃው የአሰላ ተማሪዎች ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንግዶች ጋር በሚጋጠሙበት በዚህ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነው። ያለ ቅሬታ ከተወጣችው ቋሚ ትሆናለች፤ ቅሬታ ቀርቦ እውነት ሆኖ ከተገኘ ግን ማይኩን ታስረክባለች። «እንግዲህ ካልሆነልኝ ሮቤ ወርጄ ከባሌ ጋር እኖራለሁ» ብላለች። ሮቤ ወረደች ማለት ጋሽ በዛብህ በዚያ ሰፊ ግቢ ከሬዲዮናቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ ማለት ነው። ይህን አሰቡና ወዲያው ደግሞ «ሰበብ ፈልጋ ይሆናል እኮ» አሉ።

እሳቸው ራሳቸው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አባል ሆነው ተጋብዘዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የስፖርት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ የውብዳር ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሦስተኛው አባል ለቅሶ ሄደዋል። ስለዚህ ጋሽ በዛብህ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ከማይኩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀመጡ።

ሐዊ የተጫዋቾቹን ስም መጥራት ጀመረች። የአሰላዎቹን ጠራች፤ ጩኸት! የእንግዶቹን ጀመረች፤ «ቁጥር አራት፣ ቦና! ቁጥር ሰባት፣ ሚልኬሳ!» እያለች መጣችና ድንገት ቆመች። ከእንግዶቹ ሰልፍ ጫፍ ላይ የስልክ እንጨት የመሰለ ጎረምሳ ቆሟል።

«ቁጥር... ዘጠኝ» አለች ሐዊ፤ አለችና ዝም።

ዙሪያውን የቆመው ተማሪ ሳቀ። ጎረምሳው እጁን ግማሽ አንስቶ አወረደው።

ጋሽ በዛብህ ጠጋ አሉ። «ማን ነው ስሙ?»

«አንዱ ልጅ ነው አባባ።»

«አንዱ ልጅ? ሌሎቹ ሁለት ልጅ ናቸው?»

«የበቆጂ ልጅ ነው አሉ» አለችና አንገቷን ደፋች።

አንገቷን ደፋች! የጋሽ በዛብህ ጆሮ ቆመ።

ጨዋታው ተጀመረ። የበቆጂው ልጅ ጉድ ነው! ይዘላል፣ ይወረውራል፣ «ፍሽሽ!» ሌላ ሰው ሲያገባ የሐዊ ድምፅ ግቢውን ያናውጠዋል፦ «ግብ! ለአሰላ!» ስም ይከተላል። «ግብ! ለእንግዶቹ! ሚልኬሳ!» ዘጠኝ ቁጥሩ ሲያገባ ግን «ግብ... ለእንግዶቹ» ትልና ጉሮሮዋ ውስጥ አጥንት እንደተሰነቀረ ሰው ትውጠዋለች። ደግሞ አገባ፤ ደግሞ ዋጠችው። ከእንግዶቹ ደጋፊዎች መሃል ጋቢ የደረበች አንዲት ሴት ብድግ ብላ «የልጄን ስም ምን ነክቶት ነው?» ብላ ጮኸች። ብርቄ ትባላለች፤ የልጁ እናት ናት፤ ልጇ ሲጫወት ልታይ ከበቆጂ በጠዋቱ ሚኒባስ የመጣች።

ጋሽ በዛብህ ነገሩን እየገጣጠሙ ነው። ትናንት ሐዊ ከአሰላው ቡድን አሰልጣኝ ከጉርሙ ጋር ሻይ ቤቱ ጥግ ቆማ ስታወራ አይተዋታል። ጉርሙ ስቋል። ምን አስቆት ነው? ወይ ልጁ ተማሪ አይደለም፣ በሰው ስም ነው የሚጫወተው፣ ይቺ ደግሞ ታውቃለች፤ ወይ ደግሞ ልቡን ሰብራ ለአሰላ ልታስበላው ነው። የተጠራ ስም ልብ ይሰጣል፤ ያልተጠራ ስም ጉልበት ያዝላል። ይህንን ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል?

«ስሙን ጥሪው» አሉ በሹክሹክታ።

«እ... ማይኩ አይሠራም ለሱ» አለች።

«ለሱ ብቻ?»

ላቧን ጠረገች። በዚያ ብርድ!

የእረፍት ፊሽካ ሲነፋ የእንግዶቹ አሰልጣኝ ቱፋ እንደ ነብር መጣ። አጭር፣ ድምፁ ወፍራም፣ የአርሲ ሰው ነው። «ቅሬታ አለኝ!» አለ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «የኔ ምርጥ ተጫዋች ግብ አስቆጥሮ እንደ ሌባ ስሙ ይደበቃል? ይቺ ልጅ ወገንተኛ ናት! ካልተነሳች ሁለተኛው አጋማሽ አይጀመርም!»

ጉርሙ ከወዲያ በኩል «ነጥቡ ተቆጥሮልሃል፤ ምን ፈለግህ? እልልታ?» አለው።

«አዎ እልልታ! ከፈለግህ አንተ እልል በል!»

የውብዳር ሁለቱንም ዝም አሰኝታ ዳኛውን ጠየቀች። ዳኛው የሁሉም ግብ ነጥብ ሰሌዳው ላይ መውጣቱን መሰከረ። «እንግዲያው የቀረው ጥያቄ አንድ ነው» አለች ወደ ሐዊ ዞራ። «ሐዊ፣ የልጁን ስም ለምን አትጠሪም?»

ሐዊ ማይኩን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «አልችልም።»

«አልችልም ማለት?»

«ይቅርታ፤ አልችልም።»

«ሐዊ፣ ሥራሽ እኮ ነው። ምክንያት ካልነገርሽኝ ቅሬታውን መቀበሌ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።» ድምፅዋ ቀጠነ። ዓይኗን ሳታነሳ «አባባ ባሉበት እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አለች።

ጋሽ በዛብህ ከወንበራቸው ተነሡ። እንግዲህ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት ሰዓት ይኸው! አንገቱን ደፍቶ የሚሰርቅ ሰው እጅ ከፍንጅ ተይዟል፤ የገዛ ምራታቸው ብትሆንስ? እንዲያውም ለዚህ ነው ማድላት የማይገባው።

«ሰማችሁ?» አሉ ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ። «እኔ ባለሁበት አትናገርም! ለምን? ኳስ ስለማውቅ! ሸፍጥ ሲሠራ እንደማልስት ስለምታውቅ! ወይዘሮ የውብዳር፣ ልጄ ናት ብዬ አልሸፍንም፤ የልጁ ወገን ነኝ። ና አንተ፣ ና ወዲህ!» ዘጠኝ ቁጥሩን በጣታቸው ጠሩት። «አትፍራ። ተማሪ ነህ?»

«ነኝ ጋሼ። ሦስተኛ ዓመት።»

«በራስህ ስም ነው የምትጫወተው?»

«በማን ስም ልጫወት?»

«ታዲያ ጮክ ብለህ ተናገር! ይህ ሁሉ ሕዝብ ይስማው! ስምህ ማን ነው?»

«በዛብህ» አለ ልጁ።

«አቤት?» አሉ ጋሽ በዛብህ፤ የተጠሩ መስሏቸው።

«በዛብህ ነው ስሜ። በዛብህ!»

ጃንጥላው ከእጃቸው ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

መጀመሪያ የገባው ለቱፋ ነው። ልጁን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ሐዊን አየ። «እህቴ» አላት፤ ያ ወፍራም ድምፁ ተለዝቧል፤ «ባልሽ የማን ልጅ ነው?»

ሐዊ በአገጯ ወደ ጋሽ በዛብህ አመለከተች። ቱፋ ጭኑን ጧ አድርጎ መታና ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት፤ እሷም በኦሮምኛ መለሰችለትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምንድን ነው?» አለች የውብዳር። «እኛም እንሳቅ እንጂ።»

«በእኛ ዘንድ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም» አለ ቱፋ። «ነውር ነው። እናቴ የአያቴን ስም ከአፏ ሳታወጣ ነው የሞተችው። ያ ስም ያለው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ በሌላ ታዞረዋለች። የዛሬ የከተማ ልጆች እየተዉት ነው፤ ይቺ ግን የዲክሲስ ልጅ ናት፣ እናቷ ስትድራት ነግራታለች። ቅሬታዬን አንስቻለሁ! ይቺን ልጅ ከሰስኩ ብዬ አገሬ ልገባ ነው?»

ጋሽ በዛብህ ተቀመጡ። ቀበሌው፣ መታወቂያው፣ የበሩ መልስ... ሁሉም አንድ ባንድ መጥቶ ፊታቸው ቆመ፤ ግን አሁን ሌላ መልክ ይዞ ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያፈረችባቸው መስሏቸው ነበር። ለካ ስማቸውን እንደ ዕቃ ቤት ሸክላ ማንም እንዳይነካው አስቀምጣላቸው ኖሯል።

«ብሩህ ለምን አልነገረኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«የሚያውቁ መስሎት ነው አባባ። ዕድሜዎትን አሰላ ኖረው...»

«ማን ነግሮኝ!»

«ማንን ጠየቁ?» አለ ቱፋ።

ጋሽ በዛብህ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ጃንጥላቸውን አነሱ።

የውብዳር ግን ግንባሯን እንደቋጠረች ነው። «እሺ፤ ባህሉን አከብራለሁ። ግን የዚህ ማይክ ሥራ ስም መጥራት ነው። የአንዱን ተጫዋች ስም የማትጠራን ሠራተኛ ቋሚ አድርጌ ብቀጥር ነገ ምን ልል ነው?»

«ለኔ ቁጥሬ ይበቃኛል» አለ ልጁ ደግነት ይዞት።

«አይበቃህም!» አለች ብርቄ ከኋላ። ለካ ወሬውን ልትሰማ ደርሳለች። «እኔ ቁጥር አልወለድኩም! ስምህን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ በዛብህ ወደ ሐዊ ዞሩ። «ጥሪው ልጄ፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ።»

«እርስዎ ቢፈቅዱ እናቴ አልፈቀደችም።»

«እናትሽ ዲክሲስ ናት፤ አትሰማም።»

«አባባ!» አለች። እንዲህ ኮስተር ብላ ስትመልስላቸው የመጀመሪያዋ ነው።

የውብዳር ሰዓቷን አየች። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጓል። ሐዊ ቀስ ብላ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች፤ ለመሄድ። ጋሽ በዛብህ ያችን የነጠላ ማስተካከል አዩ። ሰፊው ግቢያቸው፣ የተዘጋው የሐዊ ክፍል በር፣ ለማንም የማያወራው ሬዲዮ ታያቸው። እጃቸው ሳያስቡት ማይኩ ላይ አረፈ።

«እኔ እጠራዋለሁ።»

«እርስዎ?» አለች የውብዳር።

«እሷ ሥራዋን ትሥራ። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ስትደርስ ማይኩን ወደኔ ታስጠጋልኛለች። የራሴን ስም ብጠራ ማን ነውር ነው ይለኛል?»

የውብዳር ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። «እስቲ እንየው» አለች። «ሙከራው ግን አላለቀም። ሌላ ቅሬታ ከተነሳባት በቃ።»

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። የበቆጂው ልጅ ኳሷን ተቀብሎ ሁለቱን አልፎ ዘለለ፤ «ፍሽሽ!»

«ግብ! ለእንግዶቹ!» አለች ሐዊና ማይኩን አዞረች።

«በዛብህ» አሉ ጋሽ በዛብህ። ድምፃቸው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ከወዲያ ማዶ ግን የብርቄ እልልታ ቀለጠ።

ልጁ እንደገና አገባ። «በዛብህ!» ይሄኛው ተሻለ። ሦስተኛው ላይ ካፖርታቸውን አወለቁ። «በዛብህ ነዋ!» የአሰላ ተማሪዎች መንጫጫት ጀመሩ፦ «ጋሼ፣ ለማን ነው የሚደግፉት?» «እኛ አይደለን እንዴ ልጆችዎ?» «ሽማግሌው ሸጡን!»

ልጁ ባገባ ቁጥር ወደ ጠረጴዛው ዞሮ እጅ ይነሳል፤ ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ጋሽ በዛብህ ዓይናቸውን አጥበው ተመለከቱት።

«ይሄ ልጅ ሆን ብሎ ነው» አሉ።

«ምኑን አባባ?»

«የሚያገባው። እኔን ለማስጮህ ነው።»

ሐዊ ሳቀች። ሳቋን በደንብ ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ሊያልቅ ሲል ዘጠኝ ቁጥሩ ከአንድ የአሰላ ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ተንከባለሉ። ፊሽካ። «ፋውል!» አለች ሐዊ፤ ማይኩን አዞረች።

«አባባ፣ ይጥሩት እንጂ።»

«ይሄንንም ልጠራ?»

«ሥራ ነው።»

«አልነካውም እኮ! ዓይኔ እያየ! ራሱ ነው የወደቀው! በዛብህ አልነካውም!»

ማይኩ ክፍት ነበር። «በዛብህ አልነካውም!» የሚለው ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ከባሕር ዛፎቹ ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ሜዳው በሳቅና በፉጨት ተደበላለቀ። አሰላ ያን ጨዋታ ተሸነፈች።

የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ ጉርሙ ፊቱ ቀልቶ እየገሰገሰ መጣ። የውብዳር ስታየው ዓይኗ ወዲያው ወደ ሐዊ ሄደ። ሐዊ የማይኩን ገመድ መጠቅለሏን አቆመች።

«ቅሬታ አለኝ!» አለ ጉርሙ። «ከዚህ ጠረጴዛ ለእንግዶቹ ሲደገፍ ነው የዋለው!»

ጋሽ በዛብህ በሐዊና በእሱ መሃል ገቡ። «ቅሬታህ በማን ላይ ነው? በሷ ላይ ነው?»

«በሷ ላይማ ምን አለኝ? እሷ ሥራዋን ሠርታለች። በእርስዎ ላይ ነው!»

«በኔ ላይ ብቻ?»

«በእርስዎ ላይ ብቻ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጋሼ፣ ሕዝብ ሲሰማዎት የዋለውን ነው የምልዎት!»

ጋሽ በዛብህ ወደ የውብዳር ዞሩ። የቀሩት ጥርሶቻቸው ሁሉ ታዩ። «ሰምተሻል አይደል? በሷ ላይ የለም ብሏል።»

«ሰምቻለሁ» አለች የውብዳር። «ሐዊ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ነይ፤ ውልሽን እንፈራረማለን።»

ሐዊ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ጋሽ በዛብህ አላዩዋትም፤ ሥራ ላይ ናቸው። ለጉርሙ ከካፖርታቸው ኪስ እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡት። «ጻፍ» አሉት፤ «ስሜንም አሳምረህ ጻፈው።»

ጉርሙ ጠረጴዛው ላይ አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ። ጋሽ በዛብህም ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው እያንዳንዷን ፊደል ይከታተሉ ጀመር፤ ስንት ዓመት ሲጠበቅ የኖረ ስም ለጉርሙ እንዲሁ ታምኖ አይሰጥማ።